ስፒናውን የነቀልኩት እኔ ነኝ

የቫልቭ ማጉያ፣ የጊታርን ድምፅ የሚያጎላው ዕቃ፣ ሬዲዮ አይደለም። ቀጭ አድርገህ ከፍተህ፣ ቀጭ አድርገህ ዘግተህ የምትሄድበት ዕቃ አይደለም። ይኼን የምለው እኔ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሁለቴ የወደቅሁ ሰው ነኝ፤ ፊዚክስ የሚባለውን ትምህርት መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እንጂ ሲያስረዳ አይቼ አላውቅም። ማጉያውን ግን አውቀዋለሁ። ወንድሜን ያሳጣኝ እሱ ነው። ኧረ እሱም አይደለም፣ ምን አደረገ እሱ፣ እኔ ነኝ።

ከተማችን ከራቤል ብዙም የማትርቅ የጊሼ ደጋ ላይ ያለች፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ የቀበሌ አዳራሽ ያላት ናት። አዳራሹን የሠሩት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ አድርገው ነው። እዚያ ይሠራ ያለው ሰው እግዜርን ለማናደድ ብሎ ይሁን ቦታ አጥቶ፣ እስከዛሬ አላወቅሁም።

በደርግ ጊዜ ኪነት ቡድን የሌለው ቀበሌ እንደ ቀበሌ አይቆጠርም፤ እኛም ነበረን። ታላቅ ወንድሜ ጊታር ይመታል። ጋሼ ነው የምለው፤ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ሁለት ሴቶች ይዘፍናሉ፣ አንድ ልጅ ከበሮ ይመታል። የእኔ ድምፅ የቁራ ነው፣ እስክስታዬ የግመል ነው፤ ስለዚህ «አንተ ማጉያውን ያዝ» ተባልኩ። አዲስ አበባ ካለ አንድ የተወረሰ የጭፈራ ቤት የመጣ፣ ሁለት ጎረምሳ ካልሆነ የማያነሳው ግዙፍ ነገር ነው፤ የሚሠራው በቀበሌው ጄኔሬተር ነው።

ይኼ ቡድን ለእኛ ቤት ዘፈን ብቻ አልነበረም። ብሔራዊ ውትድርና መጥቷል። በእኛ ቀበሌ ከአንድ ቤት አንድ ወንድ ነው የሚጠራው፤ እኛ ቤት ደግሞ ጋሼና እኔ ነን ያለነው፤ አባታችን ሞቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ደብረ ብርሃን ላይ በሚደረገው የኪነት ውድድር መርሐቤቴዎችን ካላሸነፍኩ ሞቼ እገኛለሁ ያለ ሰው ነው። እናታችንን አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁሞ፣ «እትዬ፣ ቡድኑ እስከሠራ ድረስ ልጆችዎን የሚነካቸው የለም» አላት። ጊታርን የዱርዬ ዕቃ ስትል የኖረች ሴት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና ሳይነጋ፣ «ልጄ፣ ዛሬ አትመታም እንዴ?» ማለት ጀመረች።

ማጉያውን ያስተማሩኝ የከተማው ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። አባባ ነው የምንላቸው። በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ፤ ኋላ በጃንሆይ ጊዜ ጦሩ ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖሩ። መጀመሪያ ቀን ማጉያው ፊት አስቀምጠውኝ፣

«ስማ፣ የተጫነች አህያ አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ምነው አባባ፣ የፈረንጅ ልጅ መሰልኩዎት?»

«ምላስህን ሰብስብና መልስ።»

«አይቻለሁ።»

«ጭነቷ ላይዋ ላይ ሳለ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጭነቱ ድንገት ዱብ ሲልላት ነው ፈርጥጣ ገደል የምትገባው። ይኼም እንደዚያ ነው። ኃይሉን የሚቀበለው ስፒከር ከሌለ፣ ኃይሉ ተመልሶ የገዛ ሆዱን ያቃጥላል። በባዶ አታብራው። እየሠራ ስፒከሩን አትንቀል። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይቺን አትርሳ።»

ከዚያ ሥርዓቱን አስያዙኝ፤ እንደ ዳዊት ነው ያስደገሙኝ። መጀመሪያ የስፒከሩን ስፒና ሰካ፤ በዓይንህ አይተህ አትመን፣ በእጅህ ዳስ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ማብሪያ አብራ፤ እሱ ቫልቮቹን፣ እነዚያን አምፖል መሳይ ብርጭቆዎች፣ ማሞቂያ ነው። ከዚያ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገም።

«እዚህ? እነዚህ እያዩኝ?» አልኳቸው። ግድግዳው ላይ ሦስቱ ባለ ጢም ፈረንጆች ተሰቅለዋል።

«በሆድህ ድገም። እነሱ ግዕዝ አያውቁም። አሜን ስትል ሁለተኛውን ማብሪያ አብራ፤ ዋናውን ኃይል የሚለቀው እሱ ነው። ስታጠፋ ደግሞ ከኋላ ወደፊት ነው። የድምፁን ቁልፍ ወደ ግራ አዙረህ ዜሮ አድርስ። ሁለተኛውን አጥፋ፣ የመጀመሪያውን አጥፋ፣ ብርጭቆዎቹ ቅላታቸው እስኪጠፋ ቁም። ገመድ የሚነቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ጠፋ ብለህም እጅህን ሆዱ ውስጥ እንዳትሰድ። ኃይል ቋጥሮ ይቆያል፣ ሰው ይገድላል።»

ድምፅ የምትውጠዋን ሣጥንም የሠሯት እሳቸው ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኛ ስንለማመድ ከአጥሩ ወዲያ ቅዳሴ አለ፣ ጸሎተ ፍትሐት አለ፣ ቄሶቹ በየቀኑ ይረግሙናል። አባባ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ናቸው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ሸክላ ላይ ጠመጠሙ፣ በትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጡት፣ ቆርቆሮውን እንዲተነፍስ በሚስማር በሳሱት፣ ገመድና ስፒና አወጡለት። ማጉያው የስፒከር ቀዳዳ ላይ የጭነቱ ልክ፣ ስምንት የሚል ቁጥር፣ ተጽፏል፤ ሽቦውንም በቴስተራቸው እየለኩ፣ እየቆረጡ፣ ልክ ስምንት ላይ አቆሙት። «ቀንበር ካልገጠመ በሬ ይቆስላል» አሉ። በስፒከሩ ፋንታ ሣጥኗን ስትሰካ ማጉያው ጭነት ያገኛል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ጋሼ የሚመታው ሁሉ ሽቦዋ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከጎኗ በቀጭን ሽቦ አሮጌ የስልክ እጀታ አንጠልጥለውላታል፤ ያንን ጆሮው ላይ የያዘ ብቻ ጊታሩን ይሰማል።

የእኛን አገር ብርድ ለማያውቅ ይኼ ምንም አይመስለውም። ጠዋት አዳራሹ ውስጥ እስትንፋስ ይታያል። ጋሼ ሲመታ ሣጥኗ ትሞቃለች፤ ዘፋኞቹ ቆርቆሮው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይከቡታል።

«አንተ፣ ጠንከር አድርገህ ምታ እንጂ! ጣቴ ደንዝዟል!» ትለዋለች አንዷ።

«ለስላሳው ዘፈን ላይ ነኝ እኮ።»

«ለስላሳውን ለፋሲካ አድርገው። አሁን ፉከራውን ምታልን!»

ፉከራውን ሲመታ እውነትም ይፋጃል። ወንድሜ ሲጫወት የሞቀው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ።

አባባ ብዙም ሳይታመሙ ሰኞ ጠዋት አረፉ። ቀብሩ ዕለቱን በዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ያን ቀን ደግሞ ቡድኑ ለውድድሩ ይብቃ አይብቃ ብሎ የሚወስን ገምጋሚ ከደብረ ብርሃን መጥቷል። ጋሼ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«ጓድ፣ ቀብር አለብን። አባባ ናቸው፤ እንደ አባት ናቸው።»

«ሙታን ሙታናቸውን ይቅበሩ ይላል የእናንተው መጽሐፍ።»

«የእኛው?» አልኩት እኔ። «በትንሣኤ ቅዳሴ ላይ ከኋላዬ ቆሞ ሲያስነጥስ የነበረው ማን ነው ታዲያ?»

ጋሼ ክንዴን ቆነጠጠኝ። ሊቀመንበሩ ቀይ ሆነ። «ይኼን ወንድምህን አፉን ስፋልኝ» አለው፤ ወደ እኔ ዞሮ ማየት እንኳ አልፈለገም። «ገምጋሚው በስምንት ሰዓት አዳራሽ ይገባል። ከእናንተ አንድ ሰው ቢጎድል ቡድን የለም። ቡድን ከሌለ ደግሞ እኔም ከዘማች ዝርዝር ስም መሰረዝ አልችልም። ከላይ ቁጥር ይጠይቁኛል፤ ገባችሁ?»

ገባን። እማዬ ለቅሶ ቤት እያለቀሰች፣ እኛ አዳራሽ ገባን። እኔ ግን ልቤ እምቢ አለኝና ስፒከሩን ትቼ ሣጥኗን ሰካሁ። ሟች ቤት ሦስት ቤት አልፎ ነው፤ በገዛ እጃቸው የሠሩት ሣጥን ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? ጋሼ ድምፅ በሌለው ጊታር እየተለማመደ ዕንባው ጊታሩ ላይ ይንጠባጠባል። በስምንት ሰዓት ሊቀመንበሩና ገምጋሚው ገቡ።

«ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ ዘፈን የለም?» አለ ሊቀመንበሩ። «ይኼ የማነው ቆርቆሮ? ስፒከሩን ስካ!»

ስካ ሲለኝ ሁሉንም በሥርዓቱ አደረግሁ። ቁልፉን ዜሮ አደረስኩ። ሁለተኛውን አጠፋሁ። የመጀመሪያውን አጠፋሁ። ቆሜ ቫልቮቹን አየሁ።

«ምን ትገተራለህ?»

«ቅላቱ እስኪጠፋ ነው ጓድ።»

«ገምጋሚ አስቁመህ መብራት ትሞቃለህ?»

ጠፋ። ሣጥኗን ነቀልኩ፣ ስፒከሩን ሰካሁ፣ ዳሰስኩ፣ አበራሁ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፣ ሁለተኛውን አበራሁ። ያን ጊዜ የሚያዋክበኝ ሰው አጠገቤ ቆሞ እንኳ አንዲት አልሳትኩም። ይኼን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። አለማወቅ እንዳልነበረ እንዲታወቅ ነው።

ጋሼ መታ። ዘፈኑ የእርሻና የምርት ዘፈን ነው። ገምጋሚው በጉልበቱ ምት ይመታል፤ ደስ ብሎታል። ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። በቃ፣ አለፍን አልኩ፤ ጋሼ ቤቱ ቀረ አልኩ።

ያኔ ከመንገዱ ለቅሶው መጣ።

በእኛ አገር አስከሬን ሲያልፍ የተቀመጠ ይነሳል፣ ባለ ሱቅ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ ሬዲዮ ይዘጋል። ይኼን ማንም አያስተምርህም፤ ከወተት ጋር የምትጠጣው ነው። የእድርተኛው ቃሬዛ በአዳራሹ በር ፊት ለፊት ብቅ አለ። ቃሬዛው ላይ አባባ ናቸው። የእኛ ስፒከር ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጦ ስለ ማዳበሪያ ይጮኽባቸዋል። የአዳራሹ ዘበኛ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ኧረ በሕግ! አስከሬን ነው፣ ዝም አሰኙት!» አለ። ዘፋኞቹ አፋቸውን ያዙ። ጋሼ ሊቀመንበሩን አየ፤ ሊቀመንበሩ ቀጥል ብሎ በዓይኑ አፈጠጠበት። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ቀጠለ። ምን ያድርግ? ለቤታችን ነው የሚመታው።

እኔ አላሰብኩም። ማሰብ የሚባለው ነገር ያን ጊዜ የት እንደሄደ እንጃ። እማዬ ከቃሬዛው ኋላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስታልፍ፣ ስፒከሩን ስትሰማ፣ ቀና ብላ ወደ አዳራሹ ስታይ አየሁ። እፍረቱ ፊቴን አቃጠለኝ። ጎንበስ ብዬ ሄድኩና የስፒከሩን ስፒና ከማጉያው በቀኝ እጄ መዘዝኩት። በግራዬ የሣጥኗን ስፒና ይዣለሁ፤ ወዲያው ልተካው ነው። በሁለቱ መሃል የነበረው አንድ ትንፋሽ ነው። ጋሼ አላየኝም። በዚያች ትንፋሽ ጊታሩን በሙሉ ክንዱ መታው።

አንዱ ቫልቭ ውስጥ ሰማያዊ መብረቅ አየሁ። ጠሽ አለ። የተቃጠለ ሬንጅ የመሰለ ሽታ መጣ፣ ቀጥሎም ጭስ። ከዚያ ዝም።

አባባ በጸጥታ አለፉ። ገምጋሚው ራሱ ተነስቶ ቆመ። ሊቀመንበሩም ቆመ፤ ሲያማትብ አይቼዋለሁ፣ ይካድ። ቃሬዛው የቤተ ክርስቲያኑን በር እስኪገባ ሁሉም እንደቆመ ነው።

አንዲት ቁልፍ ነበረች። ወደ ግራ የምትዞር፣ ሁለት ጣት የማትፈጅ የድምፅ ቁልፍ። እሷን ባዞር ድምፁ ይጠፋ ነበር፤ ማጉያውም ይተርፍ ነበር። ክብር መስጠት ማለት መንቀል መሰለኝ።

ሊቀመንበሩ ጭሱን አየ። «ማነው?» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ሲሳደብ እንደ ወፍጮ የሚፈጥነው ምላሴ ያን ጊዜ እንጨት ሆነ። ጋሼ ጊታሩን ከአንገቱ አወለቀና በእኔና በሊቀመንበሩ መሃል ቆመ።

«እኔ ነኝ። እግሬ ገመዱን ጠለፈው።»

«አሻጥር ነው!»

«ይሁን። እኔ ነኝ።»

ገምጋሚው ደብተሩን አወጣና ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም። ሲወጣ ግን ጋሼን ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ለቅሶ የደረሰ ነው የሚመስለው።

ማታ ጋሼን ለብቻው ይዤ ተጣላሁት። «ማን ተናገርልኝ አለህ? ነገ ሄጄ እውነቱን እነግረዋለሁ!»

«ተናገር። ከዚያስ? ከዚህ ቤት አንድ ሰው ይሄዳል። አንተ ብትሄድ በሁለተኛው ቀን ሻለቃውን ትሰድብና በሦስተኛው ትረሸናለህ። እኔ ዝም ማለት እችላለሁ።»

«ለእማዬስ?»

«ለእማዬ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ። አንተን ባየች ቁጥር ያንን እንድታይ አልፈልግም።»

በሁለተኛው ሳምንት ስሙ ተጠራ። የሚሄዱትን በዘፈን መሸኘት ግዴታ ነው፤ ማጉያ ስለሌለ በከበሮ ሸኙ ተባልን። ከበሮ መቺው ልጅ ራሱ ከሚሄዱት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከበሮውን እኔ አንገት ላይ አንጠለጠሉት። የገዛ ወንድሜን ከበሮ እየመታሁ ሸኘሁት፤ ይኼን ያዘዘ መንግሥት አፈር ይብላ፣ የመታ እጅም አፈር ይብላ። ጋሼ የጭነት መኪናው ላይ ቆሞ እኔን እያየ ይስቃል።

«ምቱ ጠፋብህ እኮ! ኧረ በእግዜር፣ አሳፈርከኝ!» እያለ ይጮኻል። «በግራ ጀምር! በግራ!»

በግራ ጀመርኩ። መኪናው ቁልቁለቱን ሲይዝ ምቱ ተስተካከለልኝ፤ እሱ ግን የሰማ አይመስለኝም።

ከሰሜን ጦር ግንባር ሁለት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ምንም። ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ በእግሩ በየመንገዱ ፈሰሰ፤ እማዬ ያለፈውን ሁሉ ቤት አስገብታ አበላች፣ ሁሉንም ጠየቀች። የሚያውቀው የለም። መርዶም አልመጣ፤ መርዶ ካልመጣ ለቅሶ አይቀመጥም።

እማዬ የምትኖረው እሱን እየተቆጣች ነበር። ውኃ ሲፈስባት፣ እንቅፋት ሲመታት፣ ዶሮ እህል ላይ ሲወጣ፣ ጥፋቱ የእሱ ነው። «ይኼ ደንባራ! እግሩን አንስቶ የማይራመድ! ዓይኑን የት ጥሎ ነው ገመድ የሚጠልፈው? ይመጣ የለም? ሲመጣ እነግረዋለሁ!» ትላለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። በየቀኑ። ሰው ስንት ዓመት ይችላል?

አንድ ቀን የበግ ጠጉር ስትፈትል ክሩ ተበጠሰባትና፣ «እንዲህ ነው ያ እግረ ጠማማ...» ብላ ስትጀምር፣ አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ጋሼ ገመድ አልጠለፈም። ስፒናውን የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቃሬዛውን፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ማየቷን፣ ቁልፏን፣ ጋሼ ያለኝን። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ።

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?» አለች።

«እሱን ያለ ጥፋቱ ስትቆጪው...»

«የሞተ ሰው አይቆጡም» አለች። «እኔ ስቆጣው የቆየሁት ይመጣል ብዬ ነው። ሲመጣ ምን እንደምለው አውቅ ነበር። አሁን ምን ልለው ነው?»

እንዝርቷን መልሳ አነሳች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ተቆጥታ አታውቅም፤ እሱንም፣ እኔንም፣ ዶሮዎቹንም። ቤቱ ጸጥ አለ። ክር ሲበጠስባት ዝም ብላ ትቋጥረዋለች። ባለፈው ሳምንት ጸጥታው አላስቀምጥ ቢለኝ፣ የምትወደውን ብርጭቆ ሆን ብዬ ከእጄ ለቀቅሁት። ወለሉ ላይ ተሰባበረ። ቀና ብዬ ቁጣዋን ጠበቅሁ።

«እጅህን እንዳይቆርጥህ» አለችኝና መጥረጊያውን ልታመጣ ተነሳች።